ተዋናዩ ስላለቀሰ ተመልካቹ አያለቅስም

በጀማሪ ፊልም ሠሪዎች ዘንድ ሰሞኑን እየተነበበ ያለ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው የገጸ ባሕርይን ስሜት ወደ ተመልካች ልብ ለማድረስ ዳይሬክተሩ ማድረግ ያለበትን በስድስት ነጥብ አስቀምጠዋል፦ ተዋናዩ ከልቡ ያልቅስ፤ ካሜራው ፊቱ ላይ ይጠጋ፤ ትልቁ ምስጢር እስከ መጨረሻው ይደበቅ፤ ሙዚቃው ቀድሞ ይግባ፤ ካሜራው እንደ ገጸ ባሕርይው ዓይን ይንቀጥቀጥ፤ ባለታሪኩ ደግ ሰው ይሁን። ጽሑፉ በቅን ልብ የተጻፈ ነው። ስለ ልምምድ ያለው፣ እንዲሁም ገጸ ባሕርያት ስሜታቸውን በንግግር እንዳያብራሩ የሚመክረው ክፍል ትክክል ነው። ስድስቱ ነጥቦች ግን ከአንድ የተሳሳተ እምነት ይነሣሉ፤ ስሜት እንደ ማዛጋት ከተዋናዩ ፊት ወደ ተመልካቹ ይጋባል ከሚል እምነት። ተመልካች አብሮ የሚሰማው ገጸ ባሕርይው ምን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚያጣና ለምን እንደማይተወው ሲያውቅ ነው። የዳይሬክተሩ ሥራ ይህን ዕውቀት በቅደም ተከተል ማደል ነው።

ለማስረጃ እንዲመች አንድ ትዕይንት እንያዝ። አንዲት እናት፣ ስድስት ዓመት ቤሩት በሰው ቤት ስትሠራ የኖረች ልጇን ትጠብቃለች። ልጅቷ አትመጣም፤ ሞታለች። ይህን ታሪክ በስድስቱ ነጥቦች የሚቀርጽ ሰው ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም። ስልክ ይጮኻል፣ ካሜራው እናትየዋ ፊት ላይ ይለጠፋል፣ ማሲንቆ ይገባል፣ እናትየዋ ወድቃ ትጮኻለች። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው «ውይ፣ ያሳዝናል» ይላል፤ ይላልና ስልኩን ያያል። ለሰው ማዘንና ከሰው ጋር መሰማት ለየቅል ናቸው።

ስለ እንባው

ጸሐፊው ተዋናይ በእውነት ካለቀሰ ተመልካች ማልቀሱ የተፈጥሮ ግዴታ ነው ይላሉ፤ ምስክራቸውም «የመስታወት ነርቭ» የሚባለው ግኝት ነው። ግኝቱ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጣሊያን ፓርማ ውስጥ የነበሩ ተመራማሪዎች በጦጣ አንጎል ላይ ያዩት ነው፤ ጦጣዋ ራሷ ዕቃ ስታነሣም፣ ሌላው ሲያነሣ ስታይም የሚነቁ የእንቅስቃሴ ሕዋሳት አሉ። እጅ ዕቃ ሲጨብጥ ከማየት ተነሥቶ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያለቅሳል ማለት ግን ግኝቱ የማይሸከመውን መጫን ነው።

ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ጉዳዩን ያለ ላቦራቶሪ ያውቀዋል። ሙሾ አውራጇ ለቀስተኛውን የምታስለቅሰው በእንባዋ ብዛት አይደለም። ሟቹ ማን እንደነበር፣ ለማን ምን እንዳደረገ፣ ማንን ያለ ጧሪ እንደተወ በስንኝ ትቆጥራለች። ድምፅዋ ተሰብሮ ቃሉ ካልተሰማ ለቀስተኛው ጸጥ ይላል፤ ስንኙ ጥርት ብሎ ሲወርድ ነው ቤቱ የሚናጋው።

የሩሲያው ፊልም ሠሪ ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት ያደረገው ሙከራም ወደዚሁ ይመራል። ተዋናዩ ኢቫን ሞዡኪን ምንም በማይነበብበት ፊት የተቀረጸበትን አንድ ሾት (ሳይቋረጥ የተቀረጸ አንድ ምስል) አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ከምትጫወት ሕፃን ጋር ቀጠለው። የኩሌሾቭ ተማሪ የነበረው ዳይሬክተር ፑዶቭኪን እንደተረከው ተመልካቾች የተዋናዩን ሐሳብ፣ ሐዘንና ፈገግታ አደነቁ፤ ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነበር። የመጀመሪያው ፊልም ጠፍቷል። በ1992 ሙከራው ሲደገም የተባለው ውጤት አልተገኘም፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች ደግሞ ከፊቱ በፊትና በኋላ የሚታየው ነገር የፊቱን ንባብ በእርግጥ እንደሚለውጥ አሳይተዋል፤ ፑዶቭኪን በተረከው መጠን ግን አይደለም። ስለዚህ ባዶ ፊት ይበቃል አልልም። ፊት ብቻውን አይበቃም እላለሁ።

የእናትየዋ ለቅሶ የሚሠራው ከስልኩ በፊት ባሉት ትዕይንቶች ውስጥ ነው። ለምሳሌ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዳ ለልጇ ቀሚስ ታዛለች። ቁመቷን ስትጠየቅ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እስከዚህ» ትላለች፤ ከዚያ ስድስት ዓመት ማለፉ ትዝ ብሏት እጇን ወደ ትከሻዋ ከፍ ታደርገዋለች። ይህ 30 ሰከንድ አይፈጅም፤ አንድም እንባ የለበትም። በመጨረሻው ትዕይንት ቀሚሱ ወንበር ላይ ተዘርግቶ በምስሉ ጥግ ከታየ ተመልካቹ ወደ ፊቷ ከመድረሱ በፊት ተሰብሯል። ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 በሠራው «የብስክሌት ሌቦች» ውስጥም ስርቆቱ የሚያመው ከስርቆቱ በፊት ባየነው ነገር ነው። ሚስቲቱ ብስክሌቱን ከመያዣ ቤት ለማስለቀቅ የአልጋ አንሶላቸውን ገፍፋ ትወስዳለች፤ የመያዣ ቤቱ ሠራተኛ አንሶላውን ይዞ፣ የስንቱ ቤተሰብ አንሶላ እስከ ላይ በተከመረበት መደርደሪያ ላይ ሲወጣ እናያለን። ብስክሌቱ ከዚያ በኋላ ብረት ብቻ አይደለም።

በቀረጻ ቦታ እንባን ዋና ግብ ማድረግ የሚያመጣው ጣጣም አለ። ሜንቶል የተቀባ ዓይን ይቀላል፣ እንባው ይወርዳል፤ አተነፋፈስና ጉሮሮ ግን አይለወጥም፤ ተመልካች ምክንያቱን ባያውቀውም ውሸቱን ይይዛል። ተዋናይቷ በእውነት ካለቀሰች ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰፊው ሾት ላይ አልቅሳ ወደ ቅርቡ ሲደረስ ደርቃለች። መፍትሔው ቀላል ነው፦ እንባ የሚያስፈልግበትን ቅርብ ሾት አስቀድማችሁ ቅረጹ፤ ሰፊውን በኋላ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ለተዋናይቷ ሥራ መስጠት ነው፤ ቀሚሱን ታጥፍ፣ ስኒ ትጠብ። እንዳታለቅስ የምትታገል ሴት ከምታለቅሰው ይልቅ ተመልካችን ታስጨንቃለች፤ የቀረውን እርሱ ይጨርስላታልና።

ስለ ቅርብ ሾት

በሁለተኛው ነጥብ ካሜራው በቀረበ ቁጥር ስሜቱ ይጨምራል ተብሏል። ቅርብ ሾት ግን ቆጥበው የሚያወጡት ገንዘብ ነው። የሥነ ፊልም ምሁሩ ካርል ፕላንቲንጋ በ1999 ስለ ሰው ፊት በጻፈው ጥናት ፊልሞች ርኅራኄን የሚጠሩበትን ትዕይንት ሲተነትን፣ ፊቱ ለረዥም ጊዜ እንደሚያዝ፣ ነገር ግን ያ የሚሆነው ትረካው ተመልካቹን ካዘጋጀው በኋላ እንደሆነ አሳይቷል። ሲትኮሙም ድራማውም ከመጀመሪያዋ «እንደምን አደራችሁ» ጀምሮ በፊት ከተሞላ፣ ለመርዶው ጊዜ የቀረ ርቀት አይኖርም። የዴንማርኩ ዳይሬክተር ድሬየር በ1928 ስለ ፈረንሳይዋ ሰማዕት ዣን ዳርክ የሠራው ፊልም ከዳር እስከ ዳር በፊቶች የተሠራ መሆኑን የሚያነሣ ሊኖር ይችላል። እውነት ነው፤ ያ ግን የአንድ ሙሉ ፊልም ንድፍ ነው፤ ተዋናዮቹ ያለ ሜካፕ፣ ግድግዳው ባዶ፣ ሁሉም ነገር ለፊት ቦታ የለቀቀ ነበር።

ጸሐፊው ያልነኩት ይበልጥ አስፈላጊ ነገር ርቀት ነው። በ85 ሚሊሜትር ሌንስ ከ3 ሜትር የተቀረጸ ፊትና በ35 ሚሊሜትር ከ1 ሜትር ከ20 ሳንቲሜትር ግድም የተቀረጸ ፊት ስክሪኑ ላይ መጠናቸው አንድ ነው፤ ስሜታቸው ግን አንድ አይደለም። በመጀመሪያው ከመንገድ ማዶ ሆነን እያየናት ነው፤ ከጀርባዋ ያለው ነገር ተጨምቆ ደብዝዟል። በሁለተኛው አጠገቧ ተቀምጠናል፤ ክፍሏ፣ አልጋዋ፣ የልጇ ፎቶ አብሮ ይታያል። ፊልሙ ከጎረቤቶች ዓይን ወደ እናትየዋ ዓለም እንዲገባ ከፈለጋችሁ ሌንሱን ሳይሆን ካሜራውን ከትዕይንት ትዕይንት አቅርቡት። ከ28 ሚሊሜትር በታች ወርዳችሁ ፊት ላይ ከተጠጋችሁ ግን አፍንጫ ይገፋል፣ ፊት ያስቃል።

ከርቀቱ ቀጥሎ የዓይን አቅጣጫ አለ። አብሯት የሚናገረው ተዋናይ ጆሮው የካሜራውን ጎን እስኪነካ ተጠግቶ ይቁም። አንድ ሜትር ወደ ጎን ከራቀ ሁለቱ ዓይኖቿ እኩል አይታዩም፤ ግማሽ ፊት ለእኛ፣ ግማሽ ለግድግዳ ይሆናል። ዓይኖቿ ውስጥ የብርሃን ነጥብ ከሌለም ከሌንሱ ጎን ዝቅ አድርጋችሁ ነጭ ፎም ያዙ፤ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ሰሌዳ ይበቃል።

በኤዲቲንግ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያጠፋን ችኮላ ነው። ኤዲተሩ ዎልተር መርች አንድ ቅንጥስ (ከአንዱ ሾት ወደ ሌላው የሚታለፍበት ቁርጥ) ቦታው ላይ የሚሆንበትን ምክንያት በመቶኛ ሲያስቀምጥ ለስሜት 51፣ ለታሪክ 23፣ ለምት 10 ሰጥቶ፣ የተመልካች ዓይን የሚያርፍበትንና የቦታን ወጥነት የሚመለከቱትን ሦስቱን በቀረው 16 አከፋፍሏቸዋል። ቁጥሩ የልኬት ሳይሆን የቅድሚያ ነው፤ ትርጉሙም እጇ ላይ ያለው ስኒ በሁለቱ ሾት ባይገጥምም፣ ስሜቱ ትክክል ከሆነ እዚያው ቁረጡ ነው። ተናጋሪው ቃሉን እንደጨረሰ ወደ እርሱ ከመመለስ ይልቅ ሰሚዋ ላይ ከ25 እስከ 50 ፍሬም፣ ማለትም በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ፍጥነት ከ1 እስከ 2 ሰከንድ፣ ጨምራችሁ ሞክሩ። ነገሩ ወደ ውስጧ ሲገባ የሚታየው እዚያ ነው።

ስለ ምስጢር

ከስድስቱ ብዙ ፊልም ያበላሸው ይሄኛው ነው ብዬ አምናለሁ። ጸሐፊው ትልቁ ዜና ለገጸ ባሕርይውና ለተመልካቹ በአንድ ቅጽበት መገለጥ አለበት ይላሉ፤ ድንጋጤው አንድ ከሆነ ስሜቱም አንድ ይሆናል ብለው። ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ከፈረንሳዩ ዳይሬክተር ፍራንስዋ ትሩፎ ጋር ባደረገው ረዥም ቃለ ምልልስ የተናገረው የቦምብ ምሳሌ ለዚህ መልስ ይሆናል። ሁለት ሰዎች ተራ ወሬ ሲያወሩ ጠረጴዛው ሥር ያለ ቦምብ ድንገት ቢፈነዳ ተመልካች የሚያገኘው የ15 ሰከንድ ድንጋጤ ነው። ቦምቡ መቀመጡንና የሚፈነዳበትን ሰዓት አስቀድሞ ካወቀ ግን ያው ተራ ወሬ የ15 ደቂቃ ጭንቀት ይሆናል።

እኛ ደግሞ መርዶ አለን። ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ የሐዘኑ ባለቤት ብቻ አታውቅም። ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌው፣ የነፍስ አባቱ፣ የዕድር ሰው ተሰብስቦ በር እስኪያንኳኳ ድረስ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ዕውቀቱን ይዞ ይቆያል። ከዚህ የበለጠ ልብ አንጠልጣይ ቅርጽ የት ይገኛል? የእናትየዋን ታሪክ እንዲህ አድርጋችሁ አስቡት። ማታ ላይ ወንድሟ ግቢው በር ላይ ቆሞ ስልክ ሲያነጋግር በመስኮት ውስጥ ሆነን እናየዋለን፤ ድምፁ አይሰማም። ስልኩን ዘግቶ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል። ይህ ከ40 ሰከንድ መብለጥ የለበትም፤ ተመልካቹ ያለ አንድ ቃል ተረድቷል። ቀጥሎ እናትየዋ ለጎረቤቷ ቡና ታፈላለች። አቦሉ ላይ ልጇ ሐሙስ እንደምትገባ ትናገራለች። ቶናው ላይ ቀሚሱን አውጥታ ታሳያለች። በረካው ላይ የጎረቤቷን ልጆች ትመርቃለች፤ «እንደኔ ለማየት ያብቃሽ» ትላለች። ጎረቤቲቱ ታውቃለች፤ እኛም እናውቃለን። ትዕይንቱ አራት ደቂቃ ቢሄድ አንድም ሰው አያዛጋም።

የሚበላሸው የት ነው? ጎረቤቲቱ ላይ። ተዋናይቷ ፊቷን ሸፍና ብትንሰቀሰቅ፣ እናትየዋ ይህን ሳታስተውል መቀጠሏ ሞኝ ያስመስላታል፤ ተመልካቹም ይርቃታል። ምልክቱ ትንሽ ይሁን፤ ስኒውን ሳትጠጣ ታስቀምጥ፣ ምርቃቱ ላይ «አሜን» ማለት ይዘግይባት። እናትየዋም ያየችውን የምትተረጉምበት ምክንያት ይኑራት፤ «ራስሽን አሞሽ ነው እንዴ?» ብትላት ይበቃል። ሌላው ስሕተት ወንድምየውን በስልክ «ሞተች?!» ማስባል ነው። ያን ጊዜ ዕውቀቱ ለተመልካቹ ተነገረው እንጂ ራሱ አልደረሰበትም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሊያነሡት የሚችሉት ሚዛናዊ ጥያቄ አለ፦ እናትየዋ ደስ ብሏታል፣ ተመልካቹ ጨንቆታል፤ ታዲያ ስሜቱን የት ተጋራ? በቡናው ትዕይንት አልተጋራም። አራት ደቂቃ ግን ስለ እርሷ ሲሰጋ ኖሯል፤ በሩ ሲንኳኳ የሚደርሰው ለማያውቃት ሴት ሳይሆን ሲሰጋላት ላመሸላት ሴት ነው። ምስጢርን መደበቅ የሚበጅበት ጊዜም አለ፤ ታሪኩ ራሱ ስለ መታለል ሲሆን። ይሁንና ያኔም ተመልካቹ ሲያስበው «ይህ እኮ ታይቶ ነበር» የሚልባቸው ፍንጮች ያስፈልጋሉ።

ስለ ሙዚቃና ድምፅ

ሙዚቃ ከስሜቱ ቀድሞ ሲገባ ተመልካች የዳይሬክተሩን እጅ ያያል፤ «አሁን አልቅስ» ተብሏልና ይጠነቀቃል። የሚገባው ዕውቀቱ ከደረሰ በኋላ፣ ሾቱ ብቻውን መያዝ ሲያቅተው ነው፤ ብዙውን ጊዜም ጨርሶ ባይገባ ይሻላል። ትዝታ ቅኝት ላይ በተለይ ጥንቃቄ ያሻል። ትዝታ ሲጀመር ሰሚው ሁሉ ወደየራሱ ትዝታ ይሄዳል፤ ያለቅስ ይሆናል፣ የሚያለቅሰው ግን ለእናትየዋ አይደለም። ከንግግር ሥር ሙዚቃ ካስገባችሁ ከንግግሩ ከ15 እስከ 20 ዴሲቤል ዝቅ ይበል።

የገጸ ባሕርይን ጆሮ የሚሰጠን ድምፅ ነው። በ2019 የተሠራው «ሳውንድ ኦፍ ሜታል» የመስማት ችሎታውን የሚያጣ ከበሮ መቺን ታሪክ ሲናገር፣ አንዴ እርሱ በሚሰማው ድፍን ያለ ድምፅ ውስጥ ያስገባናል፣ አንዴ ወደ ውጭው ዓለም ድምፅ ያወጣናል፤ ጉድለቱ የሚታወቀን በልዩነቱ ነው። ኦስካር በድምፅም በኤዲቲንግም ሸልሞታል። ለዚህ ዓይነት ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ንጹሕ ቅጂ ግን ይጠይቃል። በየክፍሉ ማንም ሳይንቀሳቀስ የክፍሉን ጸጥታ አንድ ደቂቃ ቅረጹ፤ ያለዚያ ዝምታውን ስትቆርጡ ቀዳዳ ይሰማል። ፍሪጁን አጥፉ፤ መልሶ ማብራት እንዳይረሳ የመኪናውን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡ።

ስለሚንቀጠቀጠው ካሜራ

ካሜራውን የገጸ ባሕርይው ዓይን ማድረግ ቀጥተኛው መንገድ ይመስላል። በ1947 ሮበርት ሞንትጎመሪ «ሌዲ ኢን ዘ ሌክ»ን ከሞላ ጎደል ሙሉውን በመርማሪው ዓይን ሠራው፤ የባለታሪኩ ፊት የሚታየው በአብዛኛው መስታወት ውስጥ ነው። ውጤቱ ተቃራኒ ነው፤ ፊቱን ስለማናየው ምን እንደተሰማው አናውቅም፣ ካሜራ እንጂ ሰው ሆነን አንቀመጥም። የሚሠራው ሂችኮክ በ1954 በ«ሪር ዊንዶው» ደጋግሞ የተጠቀመበት ባለ ሦስት ሾት ሰንሰለት ነው፦ ሲያይ እናየዋለን፣ ያየውን እናያለን፣ ወደ ፊቱ ተመልሰን ምን እንዳደረገበት እናነባለን። ሦስተኛው ከተዘለለ ሰንሰለቱ ተበጠሰ።

በእጅ የተያዘ ካሜራ አይሠራም ማለት አይደለም። ላዝሎ ኔሜሽ በ2015 በሠራው «የሳኦል ልጅ» ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ በ40 ሚሊሜትር ሌንስ ከባለታሪኩ አጠገብ አይለይም፤ የናዚዎች የሞት ካምፕ ግፍ ከኋላው ደብዝዞ ይታያል፣ በድምፅ ይሰማል። እዚያ የሚሠራው መንቀጥቀጡ አይደለም፤ እርሱ ከሚችለው በላይ እንዳናይ መከልከላችን ነው። እናትየዋን በቡናው ትዕይንት በሚንቀጠቀጥ ካሜራ ብትቀርጿት ጭንቀቱን ለማን እየሰጣችሁ ነው? እርሷ አልተጨነቀችም።

ስለ ደጉ ባለታሪክ

ባለታሪኩ ደግ ካልሆነ ተመልካች አይወግንም የሚለውን አንድ ትዕይንት ያፈርሰዋል። በ1960ው የሂችኮክ ፊልም «ሳይኮ» ኖርማን የተባለው ገጸ ባሕርይ የተገደለችውን ሴት መኪና ረግረግ ውስጥ ሲያሰምጥ መኪናው መሃል ላይ ቆም ይላል። የግድያ ማስረጃ እየደበቀ ካለ ሰው ጋር አዳራሹ ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል። ምሁሩ መሬይ ስሚዝ በ1995 ይህን ለማስረዳት ሦስት ነገሮችን ለየ፤ ገጸ ባሕርይን መለየት፣ አብሮት መጓዝ፣ ለእርሱ መወገን። ደግነት የሚመለከተው ሦስተኛውን ብቻ ነው። አንድ ሰው ከባድ ሥራ ሲሠራ ደቂቃ በደቂቃ አብረነው ከቆየን፣ ሥራው እንዲሳካ መመኘታችን ሳንፈርድበት ይመጣል። እናትየዋን እንከን የለሽ ማድረግም አያስፈልግም። ልጅቷን ቤሩት እንድትሄድ የገፋፋቻት እርሷ ብትሆንስ? ቀሚሱ ይበልጥ ይከብዳል።

ጸሐፊው መዝጊያቸው ላይ ዳይሬክተሩ ሞኒተር ፊት ካለቀሰ ትዕይንቱ ተሳክቷል ብለዋል። ዳይሬክተሩ ግን ስክሪፕቱን አንብቧል፣ ተዋናይቷን ያውቃል፣ ትዕይንቱን ሃያ ጊዜ በሐሳቡ አይቷል፤ ተመልካቹ ያልተሰጠውን ሁሉ ይዞ ነው የሚያለቅሰው። ጥሬውን ቅንብር ስክሪፕቱን ላላነበቡ አምስት ስድስት ሰዎች አሳዩ። አለቀሳችሁ ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሰው ላለማሳዘን «አዎ» ይላል። በሩ ከመንኳኳቱ በፊት አቁሙትና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ይህች ሴት ምን እየጠበቀች ነው? አሁን ምን ሊሆን ነው? ወንበሩ ላይ ያለው ምንድን ነው? ሦስተኛውን ካልመለሱ ተዋናይቷን እንደገና አትጥሩ፤ ወደ ልብስ ሰፊው ትዕይንት ተመልሳችሁ እጇን ወደ ትከሻዋ ከፍ የምታደርግበትን ሾት ሁለት ሰከንድ አስረዝሙት።